የቆየ ቤት፣ እርጥብ አየር፣ አዲስ መታጠቢያ ቤት፦ የቱን ከየቱ እንምረጥ?

መታጠቢያ ቤት ሊያድስ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሴራሚክ ነው። ነጭ ይሁን ግራጫ? ትልቅ ይሁን ትንሽ? ቧንቧው ጥቁር ይሁን ብርማ? ደስ የሚለው የሥራው ክፍል ይሄ ስለሆነ አይገርምም። ግን ቤቱ የቆየ፣ አየሩም ወበቅና እርጥበት የሚበዛበት ከሆነ እድሳቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው ሴራሚኩ አይደለም። ከሴራሚኩ ጀርባ ያለው ነው።

ደረቅ አየር ባለበት አካባቢ ግድግዳ ውስጥ ትንሽ ውሃ ቢገባ በጥቂት ቀናት ደርቆ ያልፋል። የሠራተኛውም ስህተት አብሮ ይረሳል። እርጥብ አየር ባለበት ግን ያ ውሃ መውጫ የለውም። የረጠበ ጂፕሰም ወይም እንጨት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ሁለት አማራጮችን ባነጻጸርኩ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ውሃ መግባቱ ካልቀረ የትኛው ይደርቃል?

መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ሻጋታ ያለበት መታጠቢያ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ የለበትም። አንዱ ውሃው ከክፍሉ አየር ላይ የሚወርድ ጤዛ ነው። ሌላው ከግድግዳው ውስጥ ይመጣል፤ ወይ ከሚያፈስ ቧንቧ፣ ወይ ከውጭ ዝናብ፣ ወይ ከመሬት ወደ ላይ እየሳበ። መድኃኒታቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ለመጀመሪያው አየር ማውጫ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው የዓለምን ምርጥ አየር ማውጫ ብትገጥሙለት ጠብ የሚል ነገር የለም።

ለመለየት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይበቃል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡና ቀለሙ በተላላጠው ወይም ሻጋታ ባለው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግጥም አድርጋችሁ ለጥፉት። ስትለጥፉት የግድግዳው ገጽ የደረቀ መሆን አለበት። አንድ ሁለት ቀን ተዉትና እዩት። የውሃ ነጠብጣብ በእናንተ በኩል፣ ማለትም በፕላስቲኩ ፊት ላይ ካለ፣ ችግሩ የክፍሉ አየር ነው። ነጠብጣቡ በጀርባው፣ በግድግዳውና በፕላስቲኩ መካከል ካለ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል። ይሄን ሳታውቁ ሴራሚክ አትግዙ።

ጤዛው ከየት እንደሚመጣ ለማየት አንድ ስሌት ልስጣችሁ። የክፍሉ ሙቀት 28 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ከሆነ፣ ከ24 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ላይ ውሃ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ፣ የሽንት ቤት ታንከር፣ በማቀዝቀዣ ከቀዘቀዘ ክፍል ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ሁሉ ያልባቸዋል። ሻወር የከፈተ ሰው ሳይኖር ነው ይሄ። ብዙ ሰው «ቧንቧው ያፈሳል» ብሎ ግድግዳ የሚያስፈርሰው የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ላብ አይቶ ነው። እንዲህ ከሆነ ቧንቧውን በስፖንጅ ማልበሻ መሸፈን በቂ ነው።

ላይ ላዩን ማደስ ወይስ እስከ ግድግዳው ማፍረስ?

በአሮጌው ሴራሚክ ላይ አዲስ መለጠፍ ፈጣን ነው። አቧራው ትንሽ ነው፣ ወጪውም ይቀንሳል። ለእሱ የሚመች ቤት አለ። አሮጌው ሴራሚክ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ ከሥሩ ብሎኬት ወይም ጡብ ያለበት፣ ቧንቧዎቹም በቅርብ ዓመታት የተቀየሩ ከሆነ ችግር የለውም። ከሻወሩ ውጭ ባለው ግድግዳ ላይማ ብዙም አያሳስብም።

በቆየ ቤት ሻወር ውስጥ ግን እኔ አልመክረውም። አዲሱ ሴራሚክ ከሥሩ ያለውን አያድነውም። የድሮ ሻወሮች አብዛኞቹ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ሳይኖራቸው በልስን ላይ በቀጥታ የተለጠፉ ናቸው። በላዩ ሌላ ንጣፍ ስትጨምሩ ድሮ በሴራሚኩ መገጣጠሚያ ትንሽ ትንሽ ይወጣ የነበረውን እርጥበት ትደፍኑበታላችሁ። ወለሉም በአንድ በሁለት ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ከዚያ በሩ አይዘጋም፣ የፍሳሽ ማስገቢያው ጎድጉዶ ይቀራል፣ የሽንት ቤት መቀመጫውም መግጠሚያ ከወለሉ በታች ይሆናል።

ለመወሰን የካቻቪቴ እጀታ ያዙና ሴራሚኩን አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉት። የያዘው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ባዶ ባዶ ይላል። ከቧንቧው ሥርና ከወለሉ በላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች በደንብ አዳምጧቸው፤ መጀመሪያ የሚለቁት እነሱ ናቸው። በመቀመጫው ዙሪያ ወለሉን በእግራችሁ ጫን በሉት። የሚሰጥ ወይም የሚነቃነቅ ነገር ካለ ውሳኔው ተወስኗል፦ ይፈርስ።

ከማፍረሳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር። የቆየ ቤት ወለል ላስቲክ መሰል ንጣፍ፣ የንጣፉ ጥቁር ማጣበቂያ፣ የሲሚንቶ ቧንቧና የሲሚንቶ ቆርቆሮ አስቤስቶስ (ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ) ሊኖርባቸው ይችላል። የድሮ የዘይት ቀለምም እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት የያዘ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አደገኛ የሚሆኑት አቧራ ሲሆኑ ነው። ከተጠራጠራችሁ በባለሙያ ሳይመረመር አትፋቁ፣ በመፍጫ አትቁረጡ፣ በደረቁ አትጥረጉ። በዚህ ላይ ጊዜና ገንዘብ መቆጠብ አይገባም።

ቧንቧ፦ ግድግዳው ሲከፈት ብቻ የሚገኝ ዕድል

የቆየ ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ገልቫናይዝድ፣ ማለትም በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ውጪው ደህና ይመስላል። አንዱን ቁራጭ አስቆርጣችሁ ውስጡን ብታዩት ግን ሌላ ነው። ዝገቱ እንደ ቡናማ ቅርፊት ከዙሪያው እያበጠ መጥቶ መሐል ላይ የሚቀረው ቀዳዳ እርሳስ የሚያስገባ ብቻ ይሆናል። «የሻወራችን ውሃ ደካማ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የቱንም ያህል ጥሩ የሻወር ራስ ብትገዙ አይረዳም።

የተበላሸውን ብቻ ቆርጦ መቀጠል ወይስ ሁሉንም መቀየር? ግድግዳው ከተከፈተ ሁሉንም ቀይሩ። አዲስ ቁራጭ ከአሮጌው ጋር ስትቀጥሉ ቀጣዩ ደካማ ቦታ ከመጋጠሚያው አጠገብ ይሆናል። በተለይ መዳብን ከገልቫናይዝድ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ብረቱን ቶሎ ያስበላዋል። ግድ ከሆነ በመካከላቸው የናስ መጋጠሚያ ወይም ሁለቱን ብረቶች የሚለይ ልዩ ማገናኛ ይግባ።

ከአዲሶቹ መካከል እኔ በእርጥብ አየር ወደ ፕላስቲኮቹ አደላለሁ። ፒፒአር የሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ በ260 ዲግሪ ሙቀት ቀልጦ ስለሚበየድ መጋጠሚያው ራሱ ቧንቧ ይሆናል። አይዝግም። ጥራቱ ግን በሚበይደው ሰው እጅ ነው። ከልክ በላይ ያሞቀ ሠራተኛ ውስጡን አቅልጦ ያጠበዋል። ፔክስ የሚባለው ደግሞ ተጣጣፊ ነው። ከአንድ ማከፋፈያ ተነስቶ ያለ መጋጠሚያ እስከ ሻወሩ ድረስ ሊዘረጋ ይችላል። ግድግዳ ውስጥ መጋጠሚያ አለመኖሩ ትልቅ ሰላም ነው። ፀሐይ ግን ስለሚያበላሸው ደጅ ተጥሎ የከረመውን አትቀበሉ። መዳብ ጥሩ ዕቃ ነው። ሆኖም ቀዝቃዛ ውሃ ሲሄድበት ከፕላስቲክ የበለጠ ያልበዋል፣ ስለዚህ ማልበሻ ይፈልጋል።

ፍሳሹን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። የመቀመጫውን ቦታ ካልተቸገራችሁ አታዛውሩ። ወፍራሙ ቧንቧ ተዳፋት ይፈልጋል፣ ተዳፋት ደግሞ የወለል ጥልቀት ይፈልጋል። የእጅ መታጠቢያውን ማዛወር ቀላል ነው። ሻወሩንም በመጠኑ። የሻወሩ ፍሳሽ ግን ቢያንስ 50 ሚሊሜትር ይሁን።

ከሴራሚኩ ጀርባ ምን ይሁን?

ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ብዙ ሰው ሴራሚክና በመካከሉ የሚሞላው ግራውት ውሃ የሚከለክሉ ይመስለዋል። አይከለክሉም። የሲሚንቶ ግራውት ውሃ ይጠጣል። ሻወር በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ውሃ ወደ ኋላ ያልፋል። ስለዚህ ከጀርባው የሚቀመጠው ነገር ሁለት ሥራ አለው። በውሃ አለመበስበስ፣ ውሃውንም ወደ ግድግዳው አለማሳለፍ። ሁለቱን ሥራ አንድ ዕቃ እምብዛም አይሠራም።

ግድግዳው ቀላል ክፍልፍል ከሆነ ሦስት ዓይነት ሰሌዳ ይቀርብላችኋል። ተራው ጂፕሰም ቦርድ ለሻወር አይታሰብም። አረንጓዴው፣ «እርጥበት የሚቋቋም» የሚባለው፣ ለኮርኒስና ከሻወሩ ራቅ ላለ ግድግዳ ይሆናል። ለሻወር ውስጥ ግን አይሆንም። እርጥበት መቋቋምና በየቀኑ መራስ ይለያያሉ፤ ልቡ ያው ጂፕሰም፣ ልባሱም አብዛኛውን ጊዜ ያው ወረቀት ነው። ወረቀት ለሻጋታ ምግብ ነው። ለሻወር የሚሆነው የሲሚንቶ ቦርድ ነው። ቢርስ አያብጥም፣ አይበሰብስም። ግን ውሃ ያሳልፋል፣ ስለዚህ በላዩ ሽፋን ያስፈልገዋል። «ሲሚንቶ ቦርድ ስለሆነ ሽፋን አያስፈልገውም» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አትስማሙ።

ግድግዳው ብሎኬት፣ ጡብ ወይም ድንጋይ ከሆነ በሲሚንቶ ልስን አስተካክሎ በእሱ ላይ ሽፋኑን መሥራት ይቻላል። ሰሌዳ አያስፈልግም።

ሽፋኑ ራሱ ደግሞ በሦስት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው በብሩሽ ወይም በሮለር የሚቀባ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ሲሚንቶና ፈሳሽ ተደባልቀው የሚቀቡት፣ ሁለት እጅ ተቀብቶ ወደ ሁለት ሚሊሜትር የሚወፍረው ነው። ሦስተኛው በማጣበቂያ የሚለጠፍ ጥቅል ሽፋን ነው።

የጎማውን ዓይነት ለመሥራት ቀላል ነው። ማዕዘኑና የቧንቧው መውጫ በጨርቅ መሰል ማጠናከሪያ ይሸፈናል፤ ከዚያ ሁለት እጅ ይቀባል። በእርጥብ አየር ግን አንድ ወጥመድ አለበት። በባልዲው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የተለካው 23 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። የእናንተ ክፍል 85 በመቶ ከሆነ ያ ሰዓት አይሠራም። የመጀመሪያው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተቀባበት ከሥር ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በጣታችሁ ጫን ብላችሁ ፈትሹ። ጥፍር ምልክት የሚተውበት ከሆነ ገና ነው። ሠራተኛው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

የሲሚንቶው ዓይነት ለቆየ የድንጋይና የጡብ ግድግዳ የኔ ምርጫ ነው። ግድግዳው ጨርሶ እስኪደርቅ አይጠብቅም፤ እንዲያውም ከመቀባቱ በፊት በውሃ እርጥብ ይደረጋል። ከኋላው ትንሽ እርጥበት ቢገፋው እንደ ጎማው አያብጥም፣ አይላላጥም። የመሬት እርጥበት በሚስብ ቤት ውስጥ ይሄ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ጥቅሉ ሽፋን ደግሞ ውፍረቱ ከፋብሪካ የመጣ ስለሆነ «እዚህ ጋ ሳስቷል» የሚባል ስጋት የለበትም። መድረቅም አይጠብቅም። ችግሩ መገጣጠሚያው ላይ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር መደራረብና በደንብ መጣበቅ አለበት። ልምድ ያለው ሠራተኛ ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ የሚቀባው ይሻላል፤ ቢያንስ ስህተቱ በዓይን ይታያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። ሽፋን አንድ ብቻ ይሁን። ከቦርዱ ጀርባ ፕላስቲክ ወጥሮ፣ ከፊቱ ደግሞ ሽፋን መቀባት የተሻለ ጥበቃ ይመስላል። በመካከላቸው የገባ ውሃ ግን በየትኛውም በኩል መውጣት አይችልም። በወበቃማ አገር ደግሞ እርጥበቱ ከውጭ ወደ ቀዘቀዘው ክፍል ስለሚገፋ በዚህ መሐል ይጠራቀማል። የላስቲክ የግድግዳ ወረቀትም ያው ነው። ከፊት የሚያምር፣ ከጀርባው ጥቁር።

መስኮት፣ ማራገቢያ፣ ወይስ እርጥበት መምጠጫ?

«መስኮት አለን፣ ይበቃናል» የሚለው ሐሳብ ደረቅ አየር ባለበት ቦታ ልክ ነው። የውጭው አየር ራሱ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ግን መስኮት መክፈት አንዱን እርጥብ አየር በሌላ እርጥብ አየር መቀየር ነው። ከሻወር በኋላ ያለው እንፋሎት ከውጭው የባሰ ስለሆነ ትንሽ ይረዳል። ነፋስ ከሌለ ግን ያም የለም። መስኮቱን አትድፈኑት፤ በእሱ ብቻ ግን አትተማመኑ።

አየር ማውጫ ማራገቢያ የግድ ነው። መጠኑን ለማወቅ የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አባዙና በስምንት አባዙት። 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ሆኖ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 12.5 ሜትር ኩብ ነው። በስምንት ሲባዛ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ማራገቢያ ይፈልጋል። ክፍሉ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በሰዓት ከ85 ሜትር ኩብ በታች አትውረዱ።

ማራገቢያው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል የሚያወጣው ግን መንገዱ ከተስተካከለ ነው። ቱቦው አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ ይሁን። የተጨማደደው ተጣጣፊ ቱቦ አየሩን ያንቀዋል። ቱቦው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ፣ ውስጡ የሚወርደው ጤዛ ተመልሶ ማራገቢያው ላይ እንዳይንጠባጠብ። ቱቦው ደግሞ እስከ ደጅ ይድረስ። ኮርኒስ ውስጥ የሚያልቅ ቱቦ እንፋሎቱን ከመታጠቢያ ቤት አውጥቶ ጣሪያው እንጨት ላይ ያፈሰዋል። በቆየ ቤት ይሄን ደጋግሞ ማየት የተለመደ ነው። በበሩ ሥርም አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ክፍተት ተዉ፤ አየር ካልገባ አየር አይወጣም። ከተገጠመ በኋላ በሩን ዝጉና አንድ ቁራጭ ሶፍት ማስገቢያው ላይ አስጠጉ። ስቦ ካልያዘው አንድ ነገር ጎድሏል።

ማብሪያውስ? በራሱ እርጥበት ለክቶ የሚነሳ ማብሪያና ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ አለ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ስለሆነ ብዙዎች ይመርጡታል። በእርጥብ አየር ግን እኔ ሰዓት ቆጣሪውን እመርጣለሁ። መለኪያው 60 በመቶ ላይ ከተስተካከለና የውጭው አየር 80 ከሆነ ማራገቢያው ቀን ከሌት ሲዞር ይውላል። የበለጠ እርጥብ አየር ከውጭ እየሳበ ማለት ነው። ሰዓት ቆጣሪው ከታጠባችሁ በኋላ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። ወጪው ትንሽ፣ ብልሽቱም ትንሽ ነው።

ማራገቢያው የሻወሩን እንፋሎት ያወጣል እንጂ ክፍሉን ከውጭው አየር በታች አያደርቅም። ፎጣችሁ ከማታ እስከ ጠዋት የማይደርቅ ከሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ60 በመቶ በታች የማይወርድ ከሆነ፣ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ያስፈልጋል። ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ኮሪደር ላይ ብታስቀምጡት ቤቱን በሙሉ ያገለግላል። ሲሠራ ሙቀት እንደሚጨምር ግን እወቁ።

ሴራሚክ፣ ፖርሴሊን ወይስ ድንጋይ?

ለወለልና ለሻወር ፖርሴሊን። የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ሊመጥ ይችላል፤ ለደረቁ ግድግዳ ግን በቂ ነው፣ ለመቁረጥም ይቀላል። እምነ በረድ ያምራል፣ ግን አሲድ ያለበት ማጽጃ ይበላዋል፣ በየጊዜውም መታሸግ አለበት። ወለሉ ሁሌ እርጥብ በሆነበት ቤት እኔ አላደርገውም።

ለሻወሩ ወለል ትናንሽ ሰድር ይሻላል። መገጣጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል፣ ወደ ፍሳሹም በቀላሉ ይዘነብላል። ተዳፋቱ በሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። የሚያብለጨልጭ ወለል ፎቶ ላይ ብቻ ነው የሚያምረው። አረጋውያን ወይም ሕፃናት ካሉ ደግሞ ፈጽሞ አታስቡት።

ግራውቱን በተመለከተ የሲሚንቶው ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ይጠቁራል። ኢፖክሲ የሚባለው፣ ከሙጫ መሰል ነገር የሚሠራው ግራውት ውሃ አይጠጣም፣ ሻጋታም በቀላሉ አይይዘውም። ለመሥራት አስቸጋሪ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ ከሴራሚኩ ላይ አይነሳም። ገንዘባችሁ ለሁሉም ካልበቃ ኢፖክሲውን ለሻወሩ ወለልና ለታችኛው ግድግዳ ብቻ አድርጉት። ግድግዳ ከግድግዳ፣ ግድግዳ ከወለል የሚገናኝበት ማዕዘን ግን ግራውት አይግባበት። ቤት ይንቀሳቀሳል፣ ግራውቱ ይሰነጠቃል። እዚያ ሲሊኮን ነው። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት የመስታወት ጀርባና እምነ በረድ ያበላሻል፤ ለእነሱ ሽታ የሌለውን ገለልተኛ ሲሊኮን ፈልጉ።

ሴራሚኩ እስከ ኮርኒስ ይድረስ? በሻወሩ ውስጥ አዎ፣ ወይም ቢያንስ እስከ ሁለት ሜትር። በቀረው ግድግዳ ግን፣ በተለይ የድሮ የኖራ ልስን ያለበት ከሆነ፣ ከወገብ በላይ ክፍት ይተው። ግድግዳው የሚተነፍስበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ገንዳ ወይስ ሻወር፣ የቆመ መቀመጫ ወይስ የተንጠለጠለ?

ገንዳው ሥር ጨለማና አየር አልባ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ የሚያፈስ ነገር ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሕፃናት ከሌሉ ሻወር እመክራለሁ። ገንዳ ካስፈለገ የሚከፈት መፈተሻ በር ይኑረው። ደረጃ አልባው ሻወር ለማጽዳትም ለመግባትም ምቹ ነው፤ ነገር ግን ወለሉ ዝቅ ማለት አለበት። በቆየ የኮንክሪት ወለል ይሄ ኮንክሪቱን መቆፈር ይጠይቃል። ካልተቻለ ዝቅ ያለች ደፍ አድርጉ፣ ምንም አይጎድልም።

መቀመጫ ከመግዛታችሁ በፊት ከግድግዳው እስከ ፍሳሹ መሐል ያለውን ርቀት ለኩ። አዲሱን ሴራሚክና ማጣበቂያ ውፍረት አስቡበት። በብዙ ዘመናዊ መቀመጫ 305 ሚሊሜትር ነው፤ የቆየ ቤት ግን የራሱ ልክ አለው። የተንጠለጠለው ዓይነት ከሥሩ ስለሚጸዳና ወለሉ ስለሚደርቅ በእርጥብ አየር በጣም ጥሩ ነው። ታንከሩም ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ ላቡ ወለል ላይ አይንጠባጠብም። ግን ጠንካራ ግድግዳ ወይም ወለል ላይ የታሰረ የብረት ፍሬም ይፈልጋል። ለማንኛውም የድሮው መቀመጫ በአንድ ጊዜ ከ13 ሊትር በላይ የሚያፈስ ከሆነ 6 ሊትር ወይም ከዚያ በታች በሆነ መቀየሩ ያዋጣል።

ቁምሳጥን፣ ብረታ ብረት፣ መብራት

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲያገኛቸው ከጠርዛቸው ያብጣሉ፣ ተመልሰውም አይስተካከሉም። ፒቪሲ ወይም ጠርዙ በደንብ የታሸገ ኮምፔርሳቶ ይሻላል። እግር ያለው ወይም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ይሁን፣ ወለሉን አይንካ። የውሃ መክፈቻ ቧንቧ ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት። ናሱ ከበድ ይላል። ቀለል ያለው አብዛኛውን ጊዜ በላዩ ብቻ የተለበጠ ነው፣ ልባጡም ይላላጣል። ለባሕር ቅርብ ከሆናችሁ ጨው ስላለ ከማይዝጉት ብረቶች 304 ከሚባለው ይልቅ 316 የሚባለውን ጠይቁ።

ኤሌክትሪኩ ላይ አማራጭ የለኝም። የመታጠቢያ ቤቱ መስመር ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ ውሃ ሲያፈስ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚያቋርጥ መከላከያ ይኑረው። መሬት መስመሩም ይፈተሽ። በቆየ ቤት ጨርሶ የሌለበት ጊዜ አለ። በውሃ አቅራቢያ ያለው መብራት ቢያንስ አይፒ44 የሚል፣ የውሃ ርጭት እንደሚቋቋም የሚያሳይ ምልክት ያለው ይሁን። ሥራው የባለሙያ ነው።

ገንዘቡ ካልበቃስ?

አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ከታሰበው በላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለድንገተኛ ነገር አስቀምጡ፤ የቆየ ግድግዳ ሲከፈት የሚገኘው አይታወቅም። መቀነስ ካለባችሁ ከሴራሚኩ ዋጋ፣ ከመስታወቱ፣ ከቁምሳጥኑና ከመክፈቻ ቧንቧው ቅርፅ ቀንሱ። እነዚህ ነገ ተነቅለው ሊቀየሩ ይችላሉ። ከሽፋኑ፣ ከግድግዳው ውስጥ ቧንቧና ከማራገቢያው ቱቦ ግን አትቀንሱ። እነሱን ለመቀየር ዛሬ የለጠፋችሁትን ሁሉ ማፍረስ ይኖርባችኋል።

ከሠራተኛው ጋር ስትዋዋሉ ሁለት ነገር አስጽፉ። አንደኛ፣ ቧንቧው ተዘርግቶ ግድግዳው ሳይለሰን ሜትር ጎኑ ይዛችሁ ፎቶ አንሱ። በኋላ መስቀያ ለመብሳት ስትፈልጉ ቧንቧው የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ደርቆ ሴራሚክ ሳይለጠፍ የሻወሩ ፍሳሽ በመክደኛ ይደፈንና ወለሉ በውሃ ይሞላ። የውሃውን ጠርዝ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ለ24 ሰዓት ተዉት። በማግሥቱ ውሃው ከምልክቱ በግልጽ ከወረደ፣ ወይም ከሥር ባለው ክፍል ኮርኒስ ላይ እርጥብ ነገር ከታየ፣ ሽፋኑ ይስተካከልና እንደገና ይሞላ። ሴራሚክ ለጣፊውን የምትጠሩት ከዚህ በኋላ ነው።